ለወደቁት ድንጋዮችም መዝገብ ይከፈትላቸው

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ

ለጌዴኦ ዞን አስተዳደር
ዲላ

ግልባጭ፦ ለዲላ ዩኒቨርሲቲ፤ ለጌዴኦ አባ ገዳና ለሀይቻዎች

ጉዳዩ፦ የተሰበሩና የወደቁ የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ካሉበት ሳይነሱ እንዲመዘገቡና እንዲጠበቁ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው 45ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር፣ ከቀበሌ እስከ ፌዴራል ብዙ ሰው ለዓመታት የደከመበት ሥራ ፍሬ አፍርቷል። ለዚህ ምስጋና ይገባችኋል፤ ይህ ደብዳቤም ያንን ድካም ለማሳነስ የተጻፈ አይደለም። የተጻፈው የዚያው ቅርስ አካል የሆነ፣ ግን ዓይን የማይስብ አንድ ክፍል ከእጃችን እየወጣ ስለሆነ ነው። ለትክል ድንጋዮቻችን የምንሰጠው ክብር በአብዛኛው ቆመው ለሚታዩት ነው። ፎቶ የሚነሱት፣ በበራሪ ወረቀት የሚታተሙት፣ እንግዳ የሚመራባቸው እነሱ ናቸው። የወደቀው፣ ለሁለትና ለሦስት የተከፈለው፣ ግማሹ በአፈርና በእንሰት ቅጠል የተሸፈነው ግን እንደማንኛውም ድንጋይ ይታያል፤ በማንኛውም ድንጋይ ላይ የሚደርሰውም ሁሉ ይደርስበታል። ልመናዬ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስብርባሪዎቹ ከመነሳታቸው፣ ከመጠገናቸውና ዳግም ከመተከላቸው በፊት ባሉበት አንድ በአንድ ይመዝገቡ፤ እስኪመዘገቡም ማንም እጁን አያንሳባቸው።

ስብርባሪው ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት፣ ስለ ድንጋዮቹ እስካሁን የምናውቀው ከየት እንደመጣ መመልከት ይበቃል። ተመራማሪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ከ60 በሚበልጡ ስፍራዎች ከ10,000 በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገምታሉ፤ በብዛት የተከማቹትም በጌዴኦ ነው። ፈረንሳዊው ካህን አባ አዛይስና ባልደረባቸው ሻምባር በ1920ዎቹ ያዩትን በ1931 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አሳተሙ። ከዚያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አርኪዮሎጂስቱ ሮዠ ዡሶም በጌዴኦ ያሉትን ቱቶ ፈላንና ጨልባ ቱቲቲን ቆፈሩ። ከዚህ ሥራ ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ፣ ቱቶ ፈላ ላይ ቀድሞ በወንድ ብልት አምሳል ተቀርጸው ከነበሩት ድንጋዮች አንዳንዶቹ በኋላ የሰው መልክ እንዲይዙ እንደገና መቀረጻቸው ነው። አንዱ ድንጋይ ሁለት ዘመን አገልግሏል ማለት ነው። ይህን ያስታወቀው የድንጋዩ ቁመት ወይም ውበት አይደለም፤ አንዱ የመሮ ምት በሌላው ላይ የተወው ጠባሳ፣ የላይኛው ድንጋይ ከታችኛው ጋር ያለው ቅደም ተከተል ነው። እንዲህ ያለው ምልክት ሙሉ ሆኖ ከቆመው ድንጋይ ባልተናነሰ በተሰበረው ላይ ይገኛል። እንዲያውም ስብራቱ የውስጡን ድንጋይ ስለሚያሳይ፣ ከየትኛው ካባ እንደወጣ ለሚመረምር ባለሙያ የተሻለ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ማስረጃ ይበልጥ የቅርብ ነው። አሸናፊ ዜናና አንድሩ ዳፍ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ ካሉት ትክል ድንጋዮች የመጀመሪያዎቹ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት፣ በ50 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደቆሙ ታውቋል። ይህ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው በ1,000 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ምንጫቸው ከታወቀው የሳካሮ ሶዶ የባልጩት መሣሪያዎች አብዛኛዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ሰሜን ኬንያ የመጡ መሆናቸውም በዚሁ ጥናት ተረጋገጠ። ሁለቱም ግኝቶች የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያሰፉ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከድንጋዩ ገላ አልወጡም። ድንጋይ በካርቦን አይለካም። የሚለካው በዙሪያውና በሥሩ በተቆፈረው አፈር ውስጥ የሚገኘው ከሰልና እሱን የመሰለ ቅሪት ነው። ባልጩቱም የተገኘው ከዚያው አፈር ነው። ስለዚህ አንድ የወደቀ ድንጋይ ከቦታው ተነስቶ ወደ ቢሮ ግቢ ወይም ወደ አጥር ሲወሰድ፣ የሚጠፋው ከባዱ ነገር አይደለም፤ ድንጋዩማ አለ። የሚጠፋው ዕድሜውን የሚናገርለት አፈር፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ርቀት፣ የወደቀበት አቅጣጫ ነው። ይህ አንዴ ከተናጋ የትኛውም ገንዘብ ወይም ባለሙያ አይመልሰውም።

አሁን ያለው አያያዝ የሚያሳስበው ከዚህ የተነሳ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ስለ ትክል ድንጋዮች የተጻፉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሱት ችግር አለ፦ ቁራጮች ለቤት መሠረት ይውላሉ፣ በካብና በአጥር ይገባሉ፣ ለቢላና ለገጀራ መሳያ ይሆናሉ፣ ለእርሻ ሲባል ወደ ድንበር ይገፋሉ። ይህን የሚያደርገው ገበሬ ክፉ ሰው አይደለም። በአገሪቱ ሕዝብ ከሚጨናነቅባቸው አካባቢዎች አንዱ በሆነው በጌዴኦ፣ እያንዳንዱ ስንዝር መሬት እንሰትና ቡና በሚጠብቅበት ሁኔታ፣ የተጋደመ ድንጋይ ቦታ ይይዛል። ጉድለቱ ያለው ድንጋዩ ምን እንደሆነ በሚነግረው አሠራር ላይ ነው። ከሁለተኛው ጉድለት ደግሞ ቁጥሩን ስንመለከት እንደርሳለን። ስለ ጨልባ ቱቲቲ ድንጋዮች ብዛት የሚጻፈው ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል፤ አንዱ ከ1,000 በላይ ሲል ሌላው ብዙ መቶ ይጨምርበታል። ቆሞ ያለው ብቻ ይቆጠራል ወይስ የወደቀውም? ለሦስት የተሰበረ ድንጋይ አንድ ነው ወይስ ሦስት? ለዚህ የጋራ መልስ ካልተሰጠ ነገ አሥር ቁራጭ ቢጎድል ማን ያውቃል? ያልተቆጠረ ንብረት ሲጠፋ አቤት የሚል አይኖርም።

ሕጉም በዚህ ቦታ ላይ እገዛ ይፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 የታሪክ ስፍራዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጋ ሁሉ ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ፣ ጥገናም ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይከለክላል። ቃሉ ጥሩ ነው። ችግሩ አንድ ትክል ድንጋይ ቆሞ ሳለ የማይንቀሳቀስ ቅርስ መሆኑን ማንም የማይጠራጠር ሲሆን፣ ከተሰበረ በኋላ ግን ቁራጩን ሁለት ጎልማሳ በትከሻ ተሸክሞት መሄድ መቻሉ ነው። በሰው ሐሳብ ከቅርስነት ወደ ድንጋይነት የሚወርደው በዚያች ቅጽበት ነው። አዋጁ ቁራጩን ከጥበቃው አላወጣውም፤ አፈጻጸሙ ግን ዝም ብሎታል። ዞኑና ቢሮው ይህን ዝምታ በአንድ ግልጽ መመሪያ ሊሰብሩት ይችላሉ፦ የትክል ድንጋይ ስባሪ ትክል ድንጋይ ነው፤ የሚጠበቀውም ካለበት ቦታ ጋር ነው።

ይህን ስህተት ከእኛ በፊት የሠሩ አሉ፤ ዋጋውንም ከፍለውበታል። ሳካሮ ሶዶ ላይ ድንጋይ ሲተከል ሮማን የሚገዛት ክላውዲዎስ ነበር። በዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ሮማውያን ከተማቸውን በእብነ በረድ ሐውልት ሞሉት። ግዛቱ ከወደቀ በኋላ ሰባራው ሐውልት የኖራ ጥሬ ዕቃ ሆነ። እብነ በረድ ሲቃጠል ጥሩ ኖራ ይወጣዋል፤ በመሆኑም ለብዙ መቶ ዓመታት በከተማይቱ ውስጥ የኖራ ምድጃዎች የአማልክትንና የነገሥታትን እጅ፣ እግርና ራስ ሲበሉ ኖሩ። ሠዓሊው ራፋኤል በ1519 እ.ኤ.አ. ገደማ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 10ኛ በተዘጋጀው ደብዳቤ ላይ ያሰማው አቤቱታ ይኸው ነበር፦ አዲሲቱ ሮማ የምትገነባው ከጥንታዊቱ ሮማ ሐውልቶች በተቃጠለ ኖራ ነው ሲል አዘነ። በሦስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በእብነ በረድ ሰሌዳዎች የተቀረጸው ግዙፍ የሮማ ከተማ ካርታም ተሰባብሮ ለግንባታና ለኖራ ዋለ። ዛሬ ከ1,000 በላይ ቁራጮቹ ተርፈዋል፤ እነሱ ግን ከጠቅላላው ካርታ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ናቸው። ሊቃውንት ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስካሁን አንዱን ቁራጭ ከሌላው ሲያጋጥሙ ይኖራሉ። በአንድ ወቅት ግንበኛ የጣለው የመዳፍ ያህል ሰሌዳ ዛሬ የአንድ ሰፈርን መንገድ ይመልሳል።

የላኦኮዎን ሐውልት ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ሐውልቱ በ1506 እ.ኤ.አ. ሮማ ውስጥ ሲገኝ ቀኝ እጁ ጎድሎት ነበር። ሰዎች ጉድለቱን መታገሥ አቅቷቸው ወደ ላይ የተዘረጋ አዲስ እጅ አበጁለት፤ አራት መቶ ዓመት ገደማ ዓለም ላኦኮዎንን ያወቀው በዚያ በተሳሳተ እጅ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሉድቪግ ፖላክ የተባለ የጥንታዊ ዕቃ አዋቂ በአንድ የሮማ ግንበኛ ግቢ ውስጥ ከድንጋይ ክምር መካከል የታጠፈ የእብነ በረድ ክንድ አየ። እውነተኛው ክንድ ያ ሆኖ ተገኘ፤ በ1950ዎቹም በቦታው ተመለሰ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ በግንበኛ ግቢ የተጣለ ቁራጭ የአንድን ታላቅ ሥራ ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። ሁለተኛው፣ ጉድለትን በችኮላ መሙላት ጉድለቱን ከመተው የባሰ ስህተት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመትም ካቫቼፒን የመሰሉ የሮማ ጠጋኞች የተለያዩ ሐውልቶች ቁራጮችን እያገጣጠሙና የጎደለውን እያበጁ ለእንግሊዝ ባላባቶች ይሸጡ ነበር። በዚያ ዘመን እንደ ጥበብ የተወደሰው ሥራ ዛሬ ለሙዚየሞች ራስ ምታት ነው፤ የቱ ጥንታዊ፣ የቱ የጠጋኙ እንደሆነ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ «የጌዴኦን ድንጋይ በሮማ እብነ በረድ ለምን ትመዝናለህ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አልመዝንም ነው። የሮማ ሐውልት የሚደነቀው በለሰለሰ ገጹ፣ በአካል አቀራረጹ ነው፤ የጌዴኦ ትክል ድንጋይ ዋጋው ሌላ ነው፤ በብዛቱ፣ በአሰላለፉ፣ ከመቃብርና ከትውልድ ቅብብል ጋር ባለው ትስስር፣ በዙሪያው ካለው ደንና ማሳ ጋር አብሮ በመኖሩ ነው። ሮማን የጠቀስኩት ለክብር መለኪያነት አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ስባሪውን ንቆ ምን እንዳጣ በሰነድ የተመዘገበበት ቦታ ስለሆነ ነው። እንዲያውም ልዩነቱ ክርክሩን ያጠነክረዋል። ከአካባቢው የተለየ የእብነ በረድ ራስ ውበቱ ይቀርለታል፤ ከአሰላለፉ የተለየ የጌዴኦ ድንጋይ ግን ብዙውን ትርጉሙን ያጣል።

ምሳሌ ፍለጋም ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። አክሱም ላይ ከሁሉ የሚበልጠው፣ 33 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት ተሰብሮ በወደቀበት ተጋድሞ ይገኛል። እስካሁን ማንም በሲሚንቶ አያይዞ ሊያቆመው አልተነሳም፤ ጎብኚም ስለወደቀ አላለፈውም። የአወዳደቁ ቅርጽ፣ የመሠረቱ ጥልቀትና የስብራቱ ቦታ ስለ አቋቋሙና ስለ ውድቀቱ ለመመራመር መነሻ ሆኗል። አጠገቡ የነበረውና በስብርባሪነት ተጋድሞ የነበረው ሌላው ሐውልት ግን በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ተወስዶ ሮማ ላይ ቆመ። የ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል እንዲመለስ ቢያዝም፣ አገራችን እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ስትጠብቅ ኖራ በ2000 ዓ.ም. ዳግም በቦታው ተተከለ። ያ ሁሉ ትግል የተቻለው ሐውልቱ የት እንደነበረ፣ የማን እንደሆነ ማንም ሊክደው ስላልቻለ ነው። ከጌዴኦ ተራራ ጫፍ በጭነት መኪና ተጭኖ የሚሄድ መዝገብ የሌለው ስባሪ ይህ ዕድል የለውም።

ከእናንተ በኩል ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎችን በቅንነት ልመልከት። የመጀመሪያው ቱሪዝም ነው። ጎብኚ የተጋደመ ድንጋይ ለማየት አይመጣም፣ የወደቁት ተነስተው ቢቆሙ ስፍራው ያምራል፣ ገቢም ይጨምራል ይባላል። ገቢው እንዲጨምር እኔም እሻለሁ። ነገር ግን የዓለም ቅርስነቱ የተሰጠን ስፍራው ለዘመናት እንዳለ ስለኖረ እንጂ እንደ ዐደባባይ ስለተሰናዳ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው የቬኒስ ቻርተር በቁፋሮ ስፍራዎች የሚፈቅደው የተበታተኑትን የራሱን ክፍሎች መልሶ ማገጣጠም ብቻ ሲሆን፣ የሚጨመረው ማያያዣም ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። የትኛው ቁራጭ የየትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ጉድጓዱ በባለሙያ ሳይቆፈር በሲሚንቶ ማቆም የላኦኮዎንን እጅ መድገም ነው። ለጎብኚ ሙሉውን ማሳየት ካስፈለገ ሌላ መንገድ አለ። በሮማ ካፒቶል ላይ የሚገኙት የንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ግዙፍ ሐውልት ራስ፣ እጅና እግር ካሉበት ሳይነኩ በዘመናዊ መሣሪያ ተለክተው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. 13 ሜትር የሚሆን ቅጂ በአቅራቢያው ባለ የአትክልት ስፍራ ቆሟል። ጎብኚው ሙሉውን ያያል፤ ስባሪውም እንደነበረ ይኖራል። ዲላ ውስጥ በመጠኑ አነስ ያለ ይህን መሰል ሥራ ቢሠራ ማንንም አይጎዳም፤ እንግዳውም ከከተማው ሳይወጣ ምን ሊያይ እንደሚሄድ ያውቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመልካም ሐሳብ የሚመነጭ ነው፦ ስባሪዎቹ ማሳ ላይ ከሚጠፉ ተሰብስበው ሙዚየም ቢገቡ ይሻላል። ቀድሞውኑ ከቦታቸው ለተነሱት፣ በካብና በመሠረት ውስጥ ላሉት ይህ ትክክል ነው፤ የሚያስቀምጣቸው ንጹሕ መጋዘን ያስፈልጋል። ገና በወደቁበት ላሉት ግን ሙዚየም የመጨረሻው መጠለያ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ሌቦች የመጡበት፣ መንገድ የሚያልፍበት ወይም ናዳ የሚያሰጋው ቁራጭ ይነሳ፤ ግን ከተለካ፣ ከተሳለና ፎቶ ከተነሳ በኋላ። ሌላው ቦታው ላይ ይቆይ። የጌዴኦ ሽማግሌዎች እነዚህን ስፍራዎች ሲያከብሩና ሲጠብቁ የኖሩት ድንጋዮቹን በመሰብሰብ ሳይሆን በመተው ነው፤ ዩኔስኮም ዋጋ ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ አጠባበቅ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገበሬው እንጀራ ነው፤ እኔም ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው እላለሁ። ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ይዞታ ላይ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው «ይህ ድንጋይ የዓለም ነው፣ አትንካው» ሲባል፣ ዓለም ምን ሰጠኝ ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። ስለዚህ ጥበቃው በቅጣት ሳይሆን በውል መጀመር አለበት። በማሳው ላይ የተመዘገበ ቁራጭ ያለው አባወራ ወይም እማወራ የዚያ ቁራጭ ጠባቂ ተብሎ ይታወቅ፤ ከጎብኚ ከሚሰበሰበው ክፍያ የተወሰነው ይድረሰው፤ ድንጋዩ የያዘው ቦታ ሰፊ ከሆነ ዞኑ በአካባቢው ተመን ይካሰው። የጌዴኦ የእርሻ ደን ራሱ ለዚህ ይመቻል። ትልቁ ዛፍ፣ እንሰቱና ቡናው በየደረጃቸው በሚያድጉበት ማሳ ላይ የእርሻ ትራክተር አይገባም፤ የተጋደመ ድንጋይም ከእንሰት ጋር አብሮ መኖር ይችላል። አሳሳቢው ገበሬው እንደኖረው የሚኖርበት ማሳ ሳይሆን በምትኩ የሚመጣው ነው፦ ባሕር ዛፍና ጫት ለመትከል የሚቆፈረው ጉድጓድ፣ የሚቀየሰው መንገድ፣ የሚቆመው አዲስ ግንብ።

አራተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ቅርስ ለመጠገንና ሙዚየም ለመገንባት ብዙ ብር ያስፈልጋል፤ ለመመዝገብ ግን ያን ያህል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቦታ የሚያመለክት ስልክ፣ ሜትር፣ መለኪያ ዘንግ፣ የጋራ ቅጽና የሠለጠነ ተማሪ ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ፤ ቋንቋውን የሚያውቁ ተማሪዎች አሉት። ሥራው ቡና ከተለቀመ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ዝናብ ሳይገባና ሣሩ ሳያድግ ቢሠራ ድንጋዩም ይታያል፣ ገበሬውም ጊዜ ይኖረዋል። ይህ ሥራ አሁን ካልተጀመረ፣ ኋላ ላይ የጠፋውን ለመፈለግ የሚወጣው ወጪ ይበልጣል።

የመጨረሻው ጉዳይ ገበያ ነው። ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ ጨረታ ቤቶች የሮማ ሐውልት ጣት፣ እግርና ፊት ለሳሎን ጌጥ ይሸጣል። ገዢው የሚጠይቀው ሰነድ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ዕቃው ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት ከአገሩ ወጥቷል ወይ? ያ ዓመት ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት የወጣበት ነው። ለአንድ የጌዴኦ ስባሪ ይህን ጥያቄ በእርግጠኝነት የሚመልስ ከወዲሁ የተነሳ ፎቶና የተመዘገበ ልኬት ብቻ ነው። ኮንሶ የባህል መልክዐ ምድሩን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ቢያስመዘግብም፣ ለሟች ጀግኖች የሚቆሙት የዋካ የእንጨት ምስሎች ከመቃብር እየተሰረቁ ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ቆይተዋል፤ የተያዙት ወደ ሙዚየም ገብተዋል፤ ብዙዎቹ ግን የየትኛው መቃብር እንደነበሩ መመለስ አስቸጋሪ ሆኗል። የዓለም ቅርስ መሆን ጎብኚን ብቻ አይጠራም፤ ዕቃ ፈላጊንም ይጠራል። ትንሽዬ ፊት የተቀረጸባት የትክል ድንጋይ ጫፍ በሻንጣ የምትያዝ መሆኗን መዘንጋት የለብንም።

ስለዚህ በአክብሮት የሚከተለውን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በጌዴኦ ያሉትን የትክል ድንጋይ ቁራጮች ሁሉ የሚይዝ አንድ መዝገብ ይክፈት። መዝገቡ የእያንዳንዱን ቁራጭ ልኬት፣ ፎቶ፣ ቦታ፣ የተጋደመበትን አቅጣጫ፣ ቅርጹንና በማን ይዞታ እንዳለ ይያዝ፤ ቁጥሩ በድንጋዩ ላይ በቀለምም ሆነ በመሮ እንዳይጻፍ። አንድ ድንጋይ ተሰብሮ ሲገኝ እንዴት እንደሚቆጠርም በጽሑፍ ይወሰን። ሁለተኛ፣ መዝገቡ እስኪጠናቀቅ ድረስ ማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ወይም ግለሰብ የወደቀ ድንጋይ እንዳያነሳ፣ እንዳያቆምና በሲሚንቶ እንዳያያይዝ የሚከለክል ጊዜያዊ መመሪያ ይውጣ፤ ለአደጋ ጊዜ የሚፈቀደው ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ በቤት መሠረት፣ በካብና በአጥር ውስጥ ስላሉት ቁራጮች የሚናገር ሰው እንደማይከሰስ ይታወጅ። ፍርሃት ካለ ድንጋዩ ይቀበራል ወይም ይፈለጣል። ባለቤቱ ቤቱን ሲያድስ ምትክ ድንጋይ ከነማጓጓዣው ተሰጥቶት ቁራጩን ያስረክብ። አራተኛ፣ ማሳቸው ላይ ቁራጭ ላላቸው አባወራዎችና እማወራዎች የጠባቂነት ውልና ከጉብኝት ገቢ ድርሻ ይወሰንላቸው። አምስተኛ፣ የወረዳና የቀበሌ መሬት አስተዳደር በስፍራዎቹ አካባቢ የግንባታና የመንገድ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት መዝገቡን የማየት ግዴታ ይኑርበት፤ በሥራ ላይ ቅርስ ሲገኝ ሥራው ቆሞ እንዲነገር አዋጁ የሚያዘውም በፈቃዱ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ስድስተኛ፣ የመዝገቡ ግልባጭ ለጉምሩክና ለፖሊስ፣ እንዲሁም ድንጋዮቹን ከሁሉ በፊት ይጠብቁ ለነበሩት ሽማግሌዎች በባህላዊ ሸንጎአቸው በሶንጎ ይድረስ፤ የደረሰበት ደረጃም በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ከላይ ከተዘረዘሩት መካከል አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ የለም። ሥልጣኑ አላችሁ፤ ሕጉ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው አለ፤ ስፍራውን በስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። የቀረው የወደቀው ድንጋይ ከቆመው እኩል የእናንተ ኃላፊነት መሆኑን በጽሑፍ መቀበል ነው። ጉዳዩን ከሚቀጥለው የበጀት ዓመት ዕቅድ በፊት እንድትመለከቱትና የወሰናችሁትን ለጌዴኦ ሕዝብ በይፋ እንድታሳውቁ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ለጌዴኦ ቅርስ ተቆርቋሪ የሆነ ዜጋ
ዲላ